ማኖቬላና እርሳስ

በሐኪሞች መጻሕፍት ውስጥ «የሾፌር ስብራት» የሚባል አለ። የክንድ አጥንት ወደ መዳፍ በሚገናኝበት ቦታ፣ በአውራ ጣት በኩል ያለው ጫፍ ሲሰበር የሚሰጠው ስም ነው። ዛሬ ይህ ጉዳት የሚደርሰው በመዳፉ ተደግፎ በወደቀ ሰው ሁሉ ላይ ነው፤ ሾፌር መሆን አያስፈልገውም። ስሙ ግን ከመቶ ዓመት በፊት የነበረውን የመኪና ሥራ እንደ ቅርስ ይዞ ቀርቷል።

ያን ጊዜ ሞተር በቁልፍ አይነሣም። ጣልያን ትቶልን በሄደው ቃል ማኖቬላ የምንለው ጠማማ ብረት ከመኪናው አፍንጫ ሥር ይገባና ሰው በክንዱ ኃይል ያሽከረክረዋል። ሞተሩ ከተነሣ እሰየው ነው። ብልጭታው ከጊዜው ቀድሞ፣ ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ ቤንዚኑን ያቀጣጠለው እንደሆነ ግን ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ማኖቬላውም አብሮ ይዞርና የያዘውን እጅ ይመታል። ብዙ የእጅ አንጓ ሰብሯል፤ መንጋጋ ላይም ያረፈበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ የጥንት መካኒኮች ሕግ ነበራቸው። በመጀመሪያ መሪው አጠገብ ባለችው እጀታ ብልጭታውን ማዘግየት ነው። ቀጥሎ አውራ ጣትን ከአራቱ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ማሳረፍ እንጂ ብረቱን ጨብጦ አለመያዝ። ከዚያ ከታች ወደ ላይ መሳብ፤ ከላይ ወደ ታች መጫን ክልክል ነው። ወደ ላይ በሚስብ እጅ ላይ ማኖቬላው ቢመለስ ጣቶቹን ከፍቶ ያመልጣል፤ የሚጫነውን ግን ክንዱን ያገኘዋል። ይህን ያጫወቱኝ አንድ አዛውንት መካኒክ ነበሩ። የሚያስረዱኝ በአፋቸው ብቻ አልነበረም፤ የሌለ ማኖቬላ በአየር ላይ እየያዙ ነበር፤ አውራ ጣታቸውም ሳያስቡት ከጣቶቻቸው ጎን ትሰለፍ ነበር።

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ በኩል አዲስ አበባ ያስገባት መኪናም ከዚህ ዘመን የተገኘች ናት። ታሪካችን ስለ እርሷ ሲያወሳ የተሳፈሩባትን ዳግማዊ አፄ ምኒልክን ያነሣል፤ ከፊቷ አጎንብሶ ለሚያስነሣት ሰው ቦታ የለውም።

ማኖቬላን ያስቀረውን ሰው ግን ታሪክ በሚገባ ያውቀዋል። አሜሪካኖች እንዲህ ይተርካሉ። ባይረን ካርተር የተባለ መኪና ሠሪ መንገድ ላይ ሞተር የጠፋባትን ሴት ሊረዳ ወርዶ ማኖቬላው መንጋጋውን ይመታዋል፤ መዘዙም ለሞት ያበቃዋል። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1908 ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች የትረካውን ዝርዝር ይጠራጠሩታል፤ የካርተር ወዳጅ የነበረው የካዲላኩ ሄንሪ ሊላንድ ግን ነገሩን ይዞ ቻርልስ ኬተሪንግ ዘንድ መድረሱ እርግጥ ነው።

ኬተሪንግ የኦሃዮ ገበሬ ልጅ ነው። ቀደም ሲል የሱቅ ገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን በኤሌክትሪክ እንዲከፈት አድርጎ ነበር። ከዚያ የተማረው ቁም ነገር፣ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ የሚሠራ ትንሽ ሞተር ከአቅሙ በላይ ቢጫንበት እንደማይቃጠል ነው። ሌሎች መሐንዲሶች የመኪናን ሞተር የሚያዞር ኤሌክትሪክ ሞተር የመኪናውን ያህል መክበድ አለበት ይሉ ነበር። እሱ መካኒኮቻችን ሞተሪኖ የሚሉትን ሠራ። የ1912ቱ ካዲላክ ይህን ይዞ ገበያ ወጣ፤ የፎርድ «ሞዴል ቲ» እንኳ፣ ያ የድሀ መኪና፣ በ1919 አገኘው።

ከካርተር ሞት እስከ ሞተሪኖው አራት ዓመት ነው። እንዲህ የፈጠነው ለምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ የሚሰበረው የገዢው ክንድ ስለነበር ነው። ሐኪሙ፣ ነጋዴው፣ መኪና ለመግዛት አቅሙ ያለው ሁሉ ማኖቬላውን ይፈራል። ፍርሃቱን የሚያስወግድለት ፋብሪካ ገበያውን ይወስዳል።

የዚያው የኬተሪንግ ሁለተኛ ታሪክ ነው ይህን እንዳስብ ያደረገኝ። የዘመኑ ሞተሮች ጉልበት ሲጠየቁ ያንኳኳሉ፤ ለማንኳኳቱም የኬተሪንግ ማቀጣጠያ ይታማ ነበር። እሱ ደግሞ ጥፋቱ የነዳጁ ነው ብሎ ምርምር አስጀመረ። በታኅሣሥ 1921 እ.ኤ.አ. በእሱ ሥር የሚሠራው መሐንዲስ ቶማስ ሚጅሊ መድኃኒቱን አገኘ፤ ቴትራኤትል የሚባል የእርሳስ ውሕድ ነው። (እርሳስ የምለው ማዕድኑን ነው፤ የምንጽፍበትን አይደለም።) በየካቲት 1923 ዴይተን ከተማ ውስጥ ሽያጭ ተጀመረ። የገበያ ስሙ «ኤትል» ሆነ፤ እርሳስ የሚለው ቃል ከስሙ ውስጥ የለም።

ሚጅሊ ራሱ በዚያው ዓመት በእርሳስ ታምሞ ዕረፍት ወጥቷል። በጥቅምት 1924 ኒው ጀርሲ፣ ቤይዌይ በሚገኘው የስታንዳርድ ኦይል ማጣሪያ አምስት ሠራተኞች አእምሯቸው ተናውጦ ሞቱ፤ ብዙዎችም ታመሙ። ሚጅሊ ጋዜጠኞች ሰብስቦ እጁን በፈሳሹ ታጠበበት፤ አሸተተውም።

በግንቦት 1925 በዋሽንግተን ጉባኤ ተጠራ። ኬተሪንግ ለነዳጁ ተከራከረ። ከተቃዋሚዎቹ አንዷ የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ ሴት መምህርት ሐኪሟ አሊስ ሐሚልተን ነበረች፤ ዕድሜዋን የሠራተኞችን መመረዝ ስታጠና የኖረች ሴት ናት። ከጉባኤው በኋላ የተቋቋመው ኮሚቴ የመረመረው እነማንን መሰላችሁ? 252 ሰዎችን፤ የዴይተንና የሲንሲናቲ የጋራዥና የማደያ ሠራተኞችንና ሾፌሮችን። ነዳጁ ለሽያጭ ከቀረበ ገና ሦስት ዓመት ያልሞላው ነበር። የመመረዝ ግልጽ ምልክት አልተገኘም፤ ስለዚህ የሚከለከልበት ምክንያት የለም፣ ጥናቱ ግን ይቀጥል አሉ። ከዚያ ወዲያ ጥናቱን በአብዛኛው የያዙት ባለፋብሪካዎቹ ናቸው። በሲንሲናቲ በ1930 በገንዘባቸው የተቋቋመው ቤተ ሙከራ ስሙ ማን ይባላል ብትሉ፣ «ኬተሪንግ ላቦራቶሪ»።

ወደ እኛ ጋራዦች ልመለስ። በልጅነቴ በሰፈራችን ጋራዥ የሚታይ አደጋ ሁሉ ስምም መከላከያም ነበረው። ጀማሪው ጎማውን በታኮ ሳያስይዝና ክሪኩ አጠገብ ሌላ ድጋፍ ሳያቆም ከመኪና ሥር ቢገባ የሚያወጣው የአለቃው ኩርኩም ነው። ያው ጀማሪ ግን ቤንዚን ከታንከር ሲቀዳ ጎማ ቱቦውን በአፉ ይስብ ነበር፤ ተፍቶ አፉን ይጠርጋል፣ ያ ብቻ ነው። ካርቡራተር የሚታጠበው በቤንዚን ነው፤ ከምሳ በፊት እጅም እንዲሁ። ቴትራኤትሉ በቆዳ በኩል ሰውነት ውስጥ እንደሚገባ የነገራቸው አልነበረም። ራስ ምታት ሲጸናባቸው ወተት ይጠጡ ነበር፤ ወተት ግን እርሳስን አያወጣም። በአፍ የተሳበ ቤንዚን፣ እርሳስ ባይኖርበትም፣ ወደ ሳንባ ከገባ እንደሚገድል እንኳ የሚነገረው አንድ ሰው ከታመመ በኋላ ነበር።

እርሳሱ ከቤንዚን መውጣት የጀመረበትም ሰበብ ያስገርማል። ከ1975 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ መኪኖች ላይ የተገጠመው የጭስ ማጣሪያ በእርሳስ ስለሚበላሽ ያልተቀላቀለ ቤንዚን የግድ ሆነ። የሰው ደም ሲጮህ የኖረበትን ጉዳይ አንድ የመኪና ዕቃ አስፈጸመው። የአፍሪካ መንግሥታት በ2001 ዳካር ላይ ተስማምተው ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች እስከ 2006 መጀመሪያ ተዉት። በዓለም ላይ የመጨረሻዋ አልጄሪያ ስትሆን ያቆመችው በሐምሌ 2021 ነው። ከቤይዌይ ሟቾች አልጄሪያ ድረስ 97 ዓመት ማለት ነው። በዚህኛው ጊዜ ተጎጂው ፋብሪካ ሠራተኛው፣ ቤንዚን ቀጂው፣ መንገድ ዳር ጭስ የሚተነፍሰው ልጅ ነበር። ከእነዚህ ካዲላክ የሚገዛ የለም።

ዛሬ በአዲስ አበባ ማደያዎች የሚቀዳው ቤንዚን እርሳስ የለበትም። እርሳሱ ግን ከጋራዡ አልወጣም። ሞተሪኖውን የሚያዞረው ባትሪ ሰሌዳው እርሳስ ነው፤ ውኃው አሲድ፤ ቻርጅ ሲደረግ የሚወጣው ጋዝ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። ደኅና መካኒክ ባትሪ ሲፈታ የኔጋቲቩን ሽቦ አስቀድሞ ያወልቃል፤ ክብሪትም ሲጋራም ያርቃል፤ ይህ የሚታየው ነው። ያረጀውን ባትሪ ከፍቶ ሰሌዳውን በመዶሻ የሚያራግፈው ልጅስ? በእጁ ላይ የቀረው ግራጫ አቧራ በውኃ ብቻ አይለቅም፤ ሳሙና ይፈልጋል፣ ያውም እንጀራውን ከመቁረሱ በፊት። ልብሱንም ቤቱ ይዞት ባይገባ፣ ታናናሾቹ ከሚያቅፉት።