ማህበራዊ ሚዲያ በጤና መድህን ምዝገባ፦ ነቀምቴና የወለጋ ከተሞች

በማህበራዊ ሚዲያ የሚካሄድ የጤና መድህን ቅስቀሳ በፌስቡክ፣ በቴሌግራም፣ በቲክቶክና በመሳሰሉት አማካይነት ቤተሰቦች የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል እንዲሆኑ ወይም አባልነታቸውን እንዲያድሱ የማነሳሳት ሥራ ነው። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ ዋናውን ሸክም የሚሸከሙት ግን አሁንም የቀበሌ ስብሰባና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው።

የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በኢትዮጵያ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ነበር። ከኦሮሚያ የተመረጡት ጊምቢቹ፣ ኩዩ፣ ሊሙ ኮሳና ደደር ሲሆኑ ወለጋ ወደ ሥርዓቱ የገባችው በኋላ በተደረገው መስፋፋት ነው። በሙከራው ጊዜ በኦሮሚያ አንድ ቤተሰብ በዓመት 180 ብር ይከፍል ነበር፤ መዋጮው ከዚያ ወዲህ ተደጋግሞ ተሻሽሏል። የሚመዘገበው ግለሰብ ሳይሆን መላው ቤተሰብ ነው፤ መክፈል የማይችሉት ድሆች በማህበረሰቡ ተለይተው መዋጯቸውን መንግሥት ይሸፍናል። ምዝገባው የሚጧጧፈው ሰብል ከተሰበሰበ በኋላ፣ በተለይ በጥርና በየካቲት ነው። በቄለም ወለጋና በጊምቢ ዙሪያ ይህ ወቅት ቡና ተሸጦ በገበሬው እጅ ገንዘብ የሚገኝበት ነው።

የቅስቀሳው ትልቁ እንቆቅልሽ መልእክቱን የሚያየውና መድህኑ የታሰበለት ሰው አለመገናኘታቸው ነው። ሥርዓቱ የተዘጋጀው ለገበሬውና መደበኛ ደመወዝ ለሌለው የከተማ ነዋሪ ነው። ደመወዝተኛው በአዋጅ ቁጥር 690/2002 በተደነገገው የማህበራዊ ጤና መድህን እንዲታቀፍ የታሰበ ሲሆን የዚያ ትግበራ ለዓመታት ሲጓተት ቆይቷል። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የሚውለው ግን በአብዛኛው የመንግሥት ሠራተኛው፣ ነጋዴውና የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ነው። ስለዚህ አንድ ጽሑፍ በብዙ ሰው መታየቱ ብቻውን የምዝገባ መለኪያ ሊሆን አይችልም። የሚጠቅመው ተመልካቹ መልእክቱን ወደ ቤቱ ሲያደርስ ነው፦ ነቀምቴ ተቀምጣ የገጠር አባቷን እድሳቱ እንዳያልፈው የምታስታውስ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ አገር የእናቱን መዋጮ የሚልክ ልጅ። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ይህን ገንዘብ ለወላጅ መላክ ቀሏል። ለአርሶ አደሩ «ተመዝገብ» ከሚል ጥሪ ይልቅ ለልጁ «የወላጆችህ ካርድ ታድሷል?» የሚል ጥያቄ ይሻላል የሚባለውም ለዚህ ነው።

የቅስቀሳ ጽሑፉ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ፣ ፊደሉም በላቲን ፊደል የተመሠረተው ቁቤ ነው። ቁቤ በትምህርት ቤት መሰጠት ከመጀመሩ በፊት በአማርኛ የተማሩ አዛውንቶች ግን አቀላጥፈው ላያነቡት ይችላሉ፤ ፊደል ያልቆጠሩም ብዙ ናቸው። በቴሌግራም የሚላክ አጭር የድምፅ መልእክት ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ሊደመጥ ስለሚችል ከተዋበ ፖስተር ይልቅ ርቆ ይሄዳል።

ከጽሑፉ በላይ የሚነበበው ከሥሩ የሚሰጠው አስተያየት ነው። በመላ አገሪቱ የመድህኑ አባላት ከሚያነሷቸው ቅሬታዎች ቀዳሚው የመድኃኒት እጥረት ነው፤ ታካሚው በጤና ጣቢያው መድኃኒት አጥቶ ከግል መድኃኒት ቤት በራሱ ገንዘብ እንዲገዛ ይገደዳል። ሌላው ጥያቄ የሪፈር፣ ማለትም ወደ ከፍተኛ ሕክምና የመላክ ጉዳይ ነው። አባሉ በመጀመሪያ ውል ወደ ተገባበት ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት፤ ያለ ሪፈር በቀጥታ ወደ ነቀምቴ ሆስፒታል ከመጣ ሙሉ ሽፋን አያገኝም። ይህን አስቀድሞ የማይናገር ማስታወቂያ አባል ያስገባል፣ በሚቀጥለው ዓመት ግን አያቆየውም። አባልነቱ በየዓመቱ የሚታደስ በመሆኑ ቅሬታን መመለስ ከማስታወቂያው እኩል የቅስቀሳው አካል ነው። አስተያየት መስጫውን የዘጋ ገጽ ይህን መንገድ በራሱ ላይ ይዘጋል።

በወለጋ የኢንተርኔቱ መንገድ ራሱ ተዘግቶ ያውቃል። ከታህሳስ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ መጋቢት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ ኢንተርኔት፣ በብዙ ቦታም ስልክ ጭምር ተቋርጦ ነበር፤ ይህም ከምዝገባው ወቅት ጋር የገጠመ ነው። ከየካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገር አቀፍ ደረጃ ለአምስት ወር ያህል ታግደው፣ እገዳን የሚያልፈውን ቪፒኤን ለሚጠቀም ብቻ ክፍት ነበሩ። በአካባቢው የዘለቀው የትጥቅ ግጭትም የባለሙያዎችን የቤት ለቤት ጉዞ ስለሚያውክ ኢንተርኔቱና የቤት ለቤት ቅስቀሳው አንድ ላይ የሚጠቡበት ጊዜ አለ።

የፎቶግራፍ አጠቃቀምም ጥንቃቄ ይሻል። መዋጯቸው የተከፈለላቸው ድሆች ካርድ ሲቀበሉ የሚያሳይ ምስል ምዝገባውን ለሚያካሂደው ጽሕፈት ቤት የሥራ ማስረጃ ይሆናል፤ ለባለካርዱ ግን ድህነቱን ለአገር ማሳወቅ ነው።

በሌሎች አገሮች መልእክቱ በቀጥታ ከምዝገባው ጋር የተገናኘባቸው ሁኔታዎች አሉ። በመጋቢት 2014 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ በአንድ የኢንተርኔት የቀልድ ዝግጅት ላይ ቀርበው ስለ ጤና መድህን ሲናገሩ፣ ተመልካቹ እዚያው ወደ መንግሥት የምዝገባ ድረ ገጽ መሄድ ይችል ነበር። ጋና በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አባልነትን ተራ የእጅ ስልክ ላይ በአጭር ቁጥር ማደስ የሚያስችል አሠራር ጀምራለች። በወለጋ በተለመደው አሠራር ግን አዲስ አባል ወደ ቀበሌው ሄዶ ቤተሰቡን ያስመዘግባል፣ መዋጮውን ከፍሎ ደረሰኝ ይቀበላል፣ ለመታወቂያውም የቤተሰቡን ፎቶ ያቀርባል። የማህበራዊ ሚዲያው ጥሪ ግልጽ መሆን ያለበትም በዚህ ላይ ነው፦ የትኛው ቢሮ፣ በየትኛው ቀን፣ ስንት ብርና ምን ዓይነት ፎቶ ተይዞ እንደሚኬድ።