የሳይንሳዊ ልብወለድ መንኮራኩር ሞዴል

የሳይንሳዊ ልብወለድ መንኮራኩር ሞዴል ለፊልም፣ ለቴሌቪዥን ድራማ ወይም ለመጽሐፍ የተፈጠረን የጠፈር መርከብ በትንሽ መጠን የሚያሳይ፣ ከተነጣጠሉ የፕላስቲክ ክፍሎች የሚገጣጠም ቅርጽ ነው። ሥራው ሦስት ዋና ደረጃዎች አሉት፤ እነሱም መገጣጠም፣ መቀባትና ማስረጀት ናቸው። ማስረጀት ማለት አዲስ የተቀባው ሞዴል ለብዙ ዘመን ያገለገለ እንዲመስል ጥላሸት፣ እድፍ፣ የተላጠ ቀለምና የእሳት ጠባሳ መጨመር ነው። አንድ ክንድ የማይሞላ ፕላስቲክ ለተመልካች ግዙፍ መንኮራኩር ሆኖ እንዲታየው ከሚያደርጉት ነገሮች ዋነኛው ይህ የመጨረሻው ደረጃ ነው።

ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ መታየት የጀመረው «ስታር ትሬክ» የተሰኘው የቴሌቪዥን ድራማ «ኢንተርፕራይዝ» የተባለች መንኮራኩር ነበረችው። ለቀረጻ የተሠራው ትልቁ ሞዴል 3.4 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ዛሬ በዋሽንግተን ከተማ በሚገኘው ብሔራዊ የአየርና የጠፈር ሙዚየም ይገኛል። ይህች መርከብ በቴሌቪዥን ስትታይ ገጿ ለስላሳና ንጹሕ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የስታንሊ ኩብሪክ ፊልም «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ሌላ መንገድ አሳየ። ሞዴል ሠሪዎቹ የመርከቦቹን ገጽ ከገበያ በተገዙ የፕላስቲክ ሞዴሎች ጥቃቅን ክፍሎች ሸፈኑት። ጆርጅ ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1975 ያቋቋመው ኢንዱስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ ይህንኑ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1977 ለወጣው «ስታር ዋርስ» ተጠቀመበት። ባለሙያዎቹ ከታንክ፣ ከመርከብና ከመኪና ሞዴሎች የወሰዷቸውን ክፍሎች በመንኮራኩሮቹ ላይ አጣበቁ። ከዚያም አቆሸሿቸው፤ ሉካስ የፈለገው በሥራ ላይ የቆየ፣ የተበላሸና የተጠገነ ዓለም ነበርና።

የዚህ አሠራር ታዋቂ ምሳሌ «ሚሌኒየም ፋልከን» ናት። ለመጀመሪያው ፊልም የተሠራው ትልቁ ሞዴል 1.5 ሜትር ያህል ስፋት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1980 ለወጣው ተከታይ ፊልም ደግሞ ለቀረጻ እንዲመች 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አነስተኛ ሞዴል ተሠራ። ቆይቶም ኩባንያዎች የፋልከንን የቀረጻ ሞዴል እየቀዱ ለሽያጭ አቀረቡ፤ የጃፓኑ ፋይን ሞልድስ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ባንዳይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 በ1/72 ስኬል አሳትመዋታል። ስለዚህ የዛሬው ገጣጣሚ በፋልከን ጀርባ ላይ የሚያጣብቃቸው አንዳንድ ክፍሎች በመጀመሪያ የታንክ ወይም የመኪና ሞዴል አካል የነበሩ ቅርጾች ናቸው።

ስኬል

ስኬል የሞዴሉ መጠን ከእውነተኛው ወይም በልብወለዱ ከተነገረው መጠን ጋር ያለው ንጽጽር ነው። በ1/72 ስኬል የተሠራ ሞዴል ከዋናው ሰባ ሁለት ጊዜ ያንሳል። 34.75 ሜትር ትረዝማለች የምትባለው ፋልከን በዚህ ስኬል 48 ሴንቲ ሜትር ያህል ትሆናለች፤ 1.75 ሜትር ቁመት ያለው ሰው ደግሞ 2.4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

ይህ ስሌት ለቀቢውም ያገለግላል። በ1/72 ሞዴል ላይ የ1 ሚሊ ሜትር ጭረት በመርከቧ ላይ 7.2 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። በ1/144 ስኬል 14.4 ሴንቲ ሜትር፣ በ1/1000 ደግሞ አንድ ሜትር ይሆናል። በወፍራም ብሩሽ የተሠራ የቀለም መላጥ ሞዴሉን መጫወቻ የሚያስመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ዓይን የአንድን ነገር ግዝፈት የሚገምተው በላዩ ካሉት ጥቃቅን ነገሮች ሲሆን፣ ምልክቶቹ ትልልቅ ከሆኑ መርከቧ ታንሳለች።

መገጣጠም

አብዛኞቹ ሞዴሎች ፖሊስታይሪን ከተባለ ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። የቀለጠው ፕላስቲክ በግፊት ወደ ብረት ቅርጽ ማውጫ ስለሚገባ ክፍሎቹ ከፍሬም ጋር ተያይዘው ይወጣሉ። ክፍሉ በመቁረጫ ፒንሳ ከራሱ ጠርዝ በመጠኑ ራቅ ብሎ ከፍሬሙ ይቆረጥና ትርፉ በስለት ይስተካከላል። ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ከ400 ቁጥር ተጀምሮ ወደ 600 እና 1000 መሄድ የተለመደ ነው።

የፕላስቲክ ሞዴል ሙጫ እንደ ተራ ማጣበቂያ በሁለት ገጾች መካከል የሚቀመጥ አይደለም። ፕላስቲኩን ለጊዜው አሟሙቶ ሁለቱን ክፍሎች ያዋሕዳል፤ ስለዚህም የተቀባ ገጽ ላይ በደንብ አይሠራም። የሚቀሩ ክፍተቶች በስቱኮ ተሞልተው ይለሰልሳሉ። ውስጣዊ መብራት የሚገባበት ሞዴል ከመዘጋቱ በፊት ውስጡ ጥቁር መቀባት አለበት፤ ያለበለዚያ ብርሃኑ በስስ ፕላስቲኩ ውስጥ አልፎ መላው አካል ይበራል።

መቀባት

በመጀመሪያ ገጹ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ ይደርቃል። ቀጥሎ ፕሪመር ይቀባል፤ ይህ ንብርብር ቀለሙ እንዲይዝ ከማድረጉም በላይ ተደብቀው የቀሩ ጭረቶችን ያጋልጣል። ዋናው ቀለም በብዛት የሚረጨው በኤርብራሽ ነው። ጥቅሙ በጣም ስስ ንብርብር ማስቀመጡ ሲሆን፣ ወፍራም ቀለም ግን በገጹ ላይ የተቀረጹትን ስስ መስመሮች ይደፍናል።

አንድ ወጥ ቀለም ትልቅን ገጽ ሕይወት አልባ ያደርገዋል። ስለዚህ ብዙዎች በመጀመሪያ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ በመስመሮቹ ላይ ረጭተው ዋናውን ግራጫ በላዩ ላይ በስሱ ይጨምራሉ። በፋልከን ላይ ከፈዛዛው ግራጫ መካከል አንዳንድ ሰሌዳዎች በቀይ ቡናማ፣ በጥቁር ግራጫና በቢጫማ ቀለም ይለያሉ፤ ከሌላ መርከብ ተወስደው የተተኩ ይመስላሉ።

ዲካል በውኃ ተነክሮ ከወረቀቱ የሚላቀቅ ስስ ምልክት ነው። በሚያንጸባርቅ ቫርኒሽ ላይ ሲለጠፍ ጠርዙ እምብዛም አይታይም።

ማስረጀት

የዚህ ደረጃ መሠረታዊ ሕግ እያንዳንዱ ምልክት መንስኤ እንዲኖረው ነው። በጠፈር አየርም ዝናብም የለም፤ ሆኖም መርከቧ በፕላኔቶች ላይ የምታርፍ ከሆነ ከባቢ አየር ስትገባ ትቃጠላለች፣ አቧራም ትለብሳለች። ለዚህ እውነተኛ ማስረጃ አለ፤ የአፖሎ ካፕሱሎች ወደ ምድር ሲመለሱ ገጻቸው ጠቁሮ ነበር፣ የጠፈር መንኮራኩር «ዲስከቨሪ» ሰሌዳዎችም ከብዙ በረራ በኋላ ቀለማቸው ተለውጧል። ስለዚህ የጥላሸት መስመር ከአፍንጫ ወደ ኋላ፣ የፈሰሰ ዘይት ደግሞ መርከቧ በቆመችበት አቅጣጫ ወደ ታች ይሄዳል። ከፕላኔት ወርዳ የማታውቅ መርከብ ግን የጭቃ ምልክት ሊኖራት አይገባም።

የተለመዱት ዘዴዎች የሚከተሉት ናቸው፦

• እጥበት፦ በጣም የቀጠነ ጥቁር ቡናማ የዘይት ወይም የኢናሜል ቀለም በመስመሮቹ ላይ በቀጭን ብሩሽ ይነካል። ፈሳሹ ራሱ በመስመሩ ውስጥ ይሮጣል፤ ትርፉ በየጆሮ ጥጥ ይጠረጋል።

• መላጥ፦ በተቀደደ ስፖንጅ ላይ ጥቂት ቀለም ተነክሮ፣ አብዛኛው በወረቀት ላይ ከተጠረገ በኋላ የሰሌዳዎች ጠርዝ በቀስታ ይነካል።

• የፀጉር ስፕሬይ ዘዴ፦ ከሥር በተቀባው የብረት ቀለም ላይ የፀጉር ስፕሬይ ይረጫል፤ በላዩም በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ይቀባል። ገጹ በውኃ ረጥቦ በብሩሽ ሲታሽ ስፕሬዩ ይሟሟና የላዩ ቀለም ይላጣል።

• ዱቄት፦ የተፈጨ የኖራ እርሳስ ወይም የቀለም ዱቄት በሞተር አፍና በመሣሪያ የተመታ ቦታ ላይ ጥላሸት ይፈጥራል።

በመጨረሻ የማያንጸባርቅ ቫርኒሽ ይረጫል። ትንሽ ነገር ሲያብለጨልጭ የራሱን ትንሽነት ያጋልጣልና።

የንብርብሮች ቅደም ተከተል

አብዛኛው ኪሳራ የሚደርሰው ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ነው። አንድ ንብርብር ከሥሩ ያለውን በሚያሟሟ ፈሳሽ ከተቀጠነ የሳምንታት ሥራ በደቂቃ ይበላሻል። የተለመደው መፍትሔ ዋናውን ቀለም በላከር ወይም በአክሪሊክ ቀብቶ፣ በቫርኒሽ ሸፍኖ፣ በደንብ ሲደርቅ በዘይት ወይም በኢናሜል ማጠብ ነው። የኢናሜል ማቅጠኛ የደረቀውን አክሪሊክ አያሟሟም።

ሌላው አደጋ ያለ ሙጫ በመጫን ብቻ በሚገጥሙ ሞዴሎች ላይ ይታያል። በመጋጠሚያው ዙሪያ ፕላስቲኩ ውጥረት ስላለበት፣ ማቅጠኛው ሰርጎ ከገባ ሊሰነጠቅ ይችላል። መከላከያው ገጹን በቫርኒሽ መሸፈንና ፈሳሹን በትንሹ መጠቀም ነው።

መብራት

የሞተርና የመስኮት ብርሃን ብዙውን ጊዜ በኤል.ኢ.ዲ. ይሠራል። ነጭ ኤል.ኢ.ዲ. 3 ቮልት ያህል ስለሚፈልግ ከ9 ቮልት ባትሪ ጋር በቀጥታ ከተያያዘ ይቃጠላል። የቀረው 6 ቮልት ለ0.01 አምፔር ሲካፈል 600 ኦም ይሰጣል፤ ስለዚህ በገበያ ያለ የ680 ኦም ሬዚስተር ይበቃል።

ጥንቃቄ

የላከርና የኢናሜል ትነት ለጤና ጎጂ ሲሆን በቀላሉም ይቀጣጠላል። ሥራው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ከእሳት ርቆና ትነትን በሚያጣራ ጭምብል መሠራት አለበት፤ ተራ የጨርቅ ጭምብል አቧራን እንጂ ትነትን አያግድም። የብርጭቆ ወረቀትን አርጥቦ መጠቀም የፕላስቲክ ብናኝ እንዳይተነፈስ ይረዳል። ስለት ሁልጊዜ ከእጅ በሚርቅ አቅጣጫ ይገፋል።