ወረቀት ታንክ ያቆማል? የአዳም ሮትፌልድ መንገድ

አገሮች በዓመት ለጦር ኃይላቸው ስንት እንደሚያወጡ፣ ማን ለማን መሣሪያ እንደሚሸጥ በዜና ሲነገር፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው ምንጭ በስቶክሆልም የሚገኘው የሰላም ምርምር ተቋም ሲፕሪ ነው። ይህን ተቋም ከ1991 እስከ 2002 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመሩት ፖላንዳዊው ዲፕሎማት አዳም ዳንኤል ሮትፌልድ ናቸው።

ሮትፌልድ በ1938 ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለዱት፣ ያኔ የፖላንድ በነበረችውና ዛሬ ምዕራብ ዩክሬን ውስጥ በምትገኘው ፕሸሚሽላኒ ነው። ናዚዎች አካባቢውን ሲይዙ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ነበሩ። ወላጆቻቸው ተገደሉ። እሳቸውን ከሞት ያተረፏቸው በኡኒቭ ገዳም የሸሸጓቸው የዩክሬን ግሪክ ካቶሊክ መነኮሳት ናቸው። የመነኮሳቱ አለቃ ክሌመንቲ ሼፕቲትስኪ ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ ሶቪየቶች አስረዋቸው በ1951 እዚያው እስር ቤት አረፉ።

እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው ቂም ቢይዝ ማንም አይፈርድበትም። ሮትፌልድ የያዙት ግን ድርድርን ነው። በ1970ዎቹ የአውሮፓ የጸጥታና የትብብር ጉባኤ ሲካሄድ የፖላንድ ልዑክ አባል ነበሩ። በ1975 ሄልሲንኪ ላይ 35 አገሮች የፈረሙት ሰነድ ድንበር በኃይል እንዳይጣስ፣ ሰብዓዊ መብትም እንዲከበር ይላል። ያኔ ብዙዎች ሰነዱን ለሶቪየት ኅብረት የተሰጠ ስጦታ ነው ብለው አጣጣሉት። ሞስኮ የፈለገችውም የድንበሩን አንቀጽ ነበር። ሆኖም በሞስኮና በፕራግ የነበሩ ተቃዋሚዎች የመብቱን አንቀጽ ይዘው መንግሥቶቻቸውን በገዛ ፊርማቸው ሞገቷቸው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የተሳካ አልነበረም። ሮትፌልድ በ1992 እና 1993 የተከታተሉት የሞልዶቫው ትራንስኒስትሪያ ጉዳይ ዛሬም እልባት አላገኘም። በ2005 ለወራት የፖላንድ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ከ2008 ጀምሮ ደግሞ ፖላንድና ሩሲያ የሚወዛገቡባቸውን የታሪክ ቁስሎች የሚመረምረውን የጋራ ቡድን በፖላንድ በኩል መሩ። ከሁሉም ከባዱ በ1940 ወደ 22 ሺህ የሚጠጉ የፖላንድ መኮንኖችና ሌሎች እስረኞች የተረሸኑበት የካቲን ጉዳይ ነበር። በ2010 የሩሲያ ዱማ ግድያው በስታሊን ትእዛዝ የተፈጸመ መሆኑን በይፋ አመነ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ2014 ክሪሚያ ተወሰደች፤ በ2022 ጦርነቱ ወደ መላው ዩክሬን ተዛመተ፤ የሮትፌልድ የትውልድ አገርም የሚሳይል ዒላማ ሆነ።

ታዲያ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ቀረ ማለት ነው? ወረቀት ታንክ አያቆምም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ድንበር በኃይል አይጣስም የሚል ፊርማ ባይኖር ኖሮ፣ ወረራ የኃያላን የተለመደ ሥራ ተብሎ ያልፍ ነበር። ዛሬ ወራሪው ሰበብ ለመፈለግ የሚገደደው፣ የጣሰው ሕግ የራሱ ፊርማ ያረፈበት ስለሆነ ነው። ጦርነቱ አብቅቶ ተፋላሚዎቹ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡም፣ ነገሩን ከባዶ አይጀምሩትም።