ቁርስ ለማን? የማለዳ ምግብና የጤና ምክር ታሪክ



የዛሬው ገለጻዬ ርእስ ለታሪክ ጥናት ያነሰ ሊመስል ይችላል፤ ስለ ቁርስ ነውና። በየቀኑ ቁርስ መብላት ለጤና ይበጃል የሚለውን ምክር ከሐኪም፣ ከመምህር ወይም ከራዲዮ ያልሰማ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ይሁን እንጂ ምክሩ እንደ ማናቸውም ሐሳብ የተወለደበት ዘመን፣ ያሳደጉት ሰዎችና ያተረፉበት ወገኖች አሉት። ይህን ታሪክ መርምረን የምንደርስበት ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ቁርስ ለሰው ሁሉ እኩል መድኃኒት መሆኑ ባይረጋገጥም፣ ሳይበላ ወደ ትምህርት ቤት ለሚሄድ ልጅ የሚሰጠው ጥቅም ግን በሚዛን ተመዝኖ የታየ መሆኑ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በተለየ ካላመለከትሁ በቀር በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፣ የማለዳ ምግብ ሁልጊዜ የተመሰገነ እንዳልነበረ ማስታወስ ይገባል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ሊቅ ቶማስ አኩይናስ ከጊዜው አስቀድሞ መብላትን ከሆዳምነት መገለጫዎች እንደ አንዱ ቈጥሮታል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ማለዳ መብላት ለሕፃናት፣ ለሕሙማን፣ ለአረጋውያንና ከንጋት ጀምረው ለሚደክሙ ሠራተኞች የተፈቀደ ነገር ነበር። ዛሬ የጤና ጠንቃቃነት ምልክት የሆነው ልማድ በዚያን ዘመን የድካም ወይም የችግር ምልክት ነበር ማለት ይቻላል።

ለእኛም ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ጾመኛ እስከ ተወሰነ ሰዓት ከእህልና ከውኃ ተከልክሎ ይቈያል፤ ሙስሊም ወገኖቻችንም በረመዳን ከንጋት በፊት ሱሑር በልተው እስከ ፀሐይ መጥለቅ ይጾማሉ። ሁለቱም ሥርዓቶች ለሕፃናትና ለታመሙ ሰዎች ያዝናሉ። በሌላ አነጋገር፣ የማለዳ ምግብ ለማን የግድ እንደሚያስፈልግ አባቶቻችን ከማንኛውም ጥናት አስቀድመው ለይተው ነበር። ይህን ልዩነት በልባችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁና።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር፤ ቁርስን የጤና ትምህርት ርእስ ያደረጉት ዋነኞቹ ክንውኖች የተፈጸሙት በዚያ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ገበሬ ቁርስ ሥጋና ቅባት የበዛበት ነበር። ሰዎች ወደ ከተማ ገብተው ተቀምጠው መሥራት ሲጀምሩ ግን የሆድ ሕመም ስሞታ በረከተ። የጤና ተሐድሶ አራማጆች ለዚህ መፍትሔ ይሆናል ያሉት እህል ነበር። በ1863 ጄምስ ጃክሰን የተባለ ሐኪም በኒውዮርክ ግዛት ከነበረው የጤና ማረፊያው «ግራኑላ» የተሰኘ ደረቅ የእህል ምግብ አወጣ። ሌሊቱን ወተት ውስጥ ካልተዘፈዘፈ በቀር የማይታኘክ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስም ጆን ሃርቪ ኬሎግ ነው። እርሱም በሚሺጋን ግዛት፣ በባትል ክሪክ ከተማ፣ የአድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ያቋቋመችውን የጤና ማረፊያ ከ1876 ጀምሮ የመራ ሐኪም ነው። በ1894 ከወንድሙ ከዊል ኬሎግ ጋር የተቀቀለ ስንዴን ዳምጠው ስስ ቅርፊት የመሰለ ምግብ ሠሩ። ሐኪሙ የፈለገው ለሕሙማኑ ቀላል ምግብ ነበር፤ ወንድሙ ግን ገበያውን ተመለከተ። ስኳር ይጨመር አይጨመር በሚለውም ተጣሉ። በ1906 ዊል የራሱን የኮርንፍሌክስ ኩባንያ አቋቋመ፤ ምግቡም ከሕሙማን ማዕድ ወጥቶ በየቤቱ ገባ። ቁርስ ከምግቦች ሁሉ የበላይ ነው የሚለው አባባል በ1917 በጤና ማረፊያው መጽሔት ላይ መታተሙም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የመጽሔቱ አዘጋጅ ራሱ ጆን ሃርቪ ኬሎግ ነበር።

በ1920ዎቹ ደግሞ የሕዝብ ግንኙነት ሙያ ፈር ቀዳጅ የሚባለው ኤድዋርድ በርኔስ የአሳማ ሥጋ ለሚሸጥ ኩባንያ ተቀጠረ። ጠንከር ያለ ቁርስ ለጤና የተሻለ መሆኑን የሚጠይቅ ደብዳቤ በሺህ ለሚቈጠሩ ሐኪሞች እንዲላክ አደረገ፤ የአብዛኞቹንም አዎንታዊ መልስ ለጋዜጦች አሠራጨ። እህል ሻጩም ሥጋ ሻጩም በሐኪም ስም ወደ አንድ ገበታ ቀረቡ። የዘመናችን የቁርስ ምክር ከሕክምናና ከንግድ የተወለደ ነው የምለው ከዚህ በመነሣት ነው።

እንግዲህ ምክሩ ሐሰት ነውን? ይህን ለመመለስ የምርምሩን ውጤት በሁለት ወገን ለይተን እንመልከት። በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 26,902 ወንዶችን ለ16 ዓመታት ተከታትሎ፣ ቁርስ የማይበሉት በልብ ደም ሥር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ27 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝቷል። ነገር ግን ቁርስ ከማይበሉት መካከል አጫሾችና እንቅስቃሴ የማያዘወትሩ በርክተው ተገኝተዋል። ተመራማሪዎቹ ይህን ልዩነት በስሌት ለማረም ቢጥሩም፣ እንዲህ ያለ ክትትል ዝምድናን እንጂ መንሥኤን በእርግጠኝነት አያሳይም። በ2019 ደግሞ በአውስትራሊያ የሚገኙ ተመራማሪዎች 13 ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምረው፣ ቁርስ መብላት ክብደት ይቀንሳል የሚለውን እምነት የሚደግፍ ማስረጃ አላገኙም፤ እንዲያውም ቁርስ ያልበሉት በአማካይ በ0.44 ኪሎ ግራም ቀለው ተገኝተዋል። ስለዚህ በቂ ምግብ ለሚያገኝ ጤነኛ ጎልማሳ ቁርስ በአብዛኛው የልማድና የምርጫ ጉዳይ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። የስኳር ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን የምግብ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር መወሰን አለበት።

የሕፃናቱ ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። በእንቅልፍ ሰዓት ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር እየለቀቀ አንጎልን ይመግባል፤ ወደ ንጋት ይህ ክምችት ይመናመናል። የልጅ አንጎል ከሰውነቱ መጠን ጋር ሲነጻጸር ከአዋቂው የበለጠ ኃይል ይፈጃል። ማታ እራቱን በቅጡ ያልበላ ልጅ ማለዳ ባዶ ሆዱን ሲማር ጉዳቱ ድርብ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ይህን በተግባር ካሳዩት አንዱ የእንግሊዝ ከተማ ብራድፎርድ ነው። በ1907 የከተማው የትምህርት ቤቶች ሐኪም 40 የድኻ ልጆች ቁርስና ምሳ እንዲበሉ አድርጎ ክብደታቸውን መዘገበ። ልጆቹ በምገባው ወራት ክብደት ጨመሩ፤ ትምህርት ቤት ለዕረፍት ሲዘጋ ግን ቀነሱ። ኖርዌይም በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ በሐኪሙ በካርል ሺዮትስ ምክር ለተማሪዎች ያልተፈተገ እህል ዳቦ፣ አይብ፣ ወተትና ፍራፍሬ ታድል ነበር፤ «የኦስሎ ቁርስ» ተብሎ በሌሎች አገሮችም ታወቀ።

በአሜሪካም ቁርስ የፖለቲካ ጥያቄ ሆነ። በ1969 መጀመሪያ ብላክ ፓንተር የተባለው የጥቁሮች ፓርቲ በኦክላንድ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለልጆች ነጻ ቁርስ ማብላት ጀመረ፤ ሥራው በዚያው ዓመት ወደ ብዙ ከተሞች ሲስፋፋ የአገሪቱ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ እንደ ሥጋት ተመለከተው። በ1966 በሙከራ የተጀመረው የመንግሥት የትምህርት ቤት ቁርስ መርሐ ግብርም በ1975 ቋሚ ሆነ።

ከሁሉ ይበልጥ አሳማኝ ሆኖ ያገኘሁት ግን በ1998 የታተመው የጃማይካ ጥናት ነው። በ16 የገጠር ትምህርት ቤቶች የሚማሩ 814 ልጆች በዕጣ በሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ በየትምህርት ቀኑ ቁርስ፣ ሌሎቹ የብርቱካን ሩብ ተሰጣቸው። ዓመቱ ሲያልቅ ቁርስ የበሉት በቁመትና በክብደት በመጠኑ ብልጫ አሳዩ፤ ትምህርት ቤት መገኘታቸውም ጨመረ፤ ታናናሾቹ በሒሳብ ተሻሻሉ። ለውጡ ታላቅ አይደለም፤ ነገር ግን በዕጣ የተፈተነ ስለሆነ እንደ ማስታወቂያ የሚታለፍ አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከ1994 ጀምሮ በድርቅ በሚጠቁ አካባቢዎች የትምህርት ቤት ምገባ ሲደግፍ ቈይቷል፤ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርም ከ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ በስፋት ማቅረብ ጀምሯል። ለዚህ ከውጭ የሚመጣ የታሸገ እህል አያስፈልገንም። ቅንጬ፣ ገንፎ፣ በሶ፣ እንቁላልና ባቄላ የኬሎግ ወንድሞች ሳይወለዱ የነበሩ ምግቦቻችን ናቸው።

ይሁን እንጂ የብራድፎርድ መዝገብ አንድ ጥያቄ ትቶልናል። የእኛ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት በክረምት ነው፤ ክረምት ደግሞ ጎተራ የሚራቈትበት፣ እሸት ገና ያልደረሰበት ወቅት ነው። የምገባው ድስት የሚወርደው ልጁ ይበልጥ በሚራብበት ጊዜ ነው ማለት ነው። ስለ ቁርስ ጥቅም የምንሰጠው ምክር ሁሉ ቁርስ ላለው ሰው ነው፤ ለሌለው ልጅ የሚያስፈልገው ምክር ሳይሆን ሐምሌና ነሐሴን የሚሻገር በጀት ነው። በጀቱን የሚያቅዱ፣ የሚያጸድቁና የሚቈጣጠሩ ሰዎች ነገ ከእንዲህ ያለ አዳራሽ ተመርቀው የሚወጡ ናቸውና፣ ጥያቄውን ለእናንተ አስረክቤ ገለጻዬን እዚህ ላይ አበቃለሁ።