እንቅርትና አንጀት፦ የአንድ አሮጌ አሳብ ታሪክ

የታይሮይድ ሕመም መነሻው አንጀት ነው የሚለው አሳብ፣ ለአንጀት ጤና ተብለው ከሚሸጡት የባክቴሪያ እንክብሎች ጋር የመጣ ይመስላል። ነገር ግን ዕድሜው ከመቶ ዓመት ይበልጣል። (ዘመናቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በብሪታንያ ሥር በነበረችው ሕንድ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በጊልጊት፣ ዶክተር ሮበርት ማካሪሰን አንድን የውሃ መስመር ተከትለው የሠፈሩ መንደሮችን አጠኑ። ውሃው ወደ ታች በወረደና በቆሸሸ መጠን እንቅርት እየበዛ ይሄድ ነበር። ከውሃው የተለየውን ዝቃጭ እርሳቸውና ፈቃደኞች ጠጡት፤ የአንዳንዶቹም ታይሮይድ አበጠ። ዝቃጩ ተፈልቶ ሲጠጣ ግን እብጠት አልታየም። ስለዚህ እንቅርትን የሚያመጣው በአንጀት የሚኖር ተሕዋስ ነው ብለው፣ አንጀትን ያጸዳል የተባለውን ታይሞል ለሕሙማን ሰጡ።

ይሁን እንጂ ጀርመናዊው ኦይገን ባውማን በታይሮይድ ዕጢ ውስጥ አዮዲን መኖሩን ቀደም ብለው በ1895 አግኝተው ነበር። ከ1917 ጀምሮ ዴቪድ ማሪንና ኦ. ፒ. ኪምባል፣ በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት በአክረን ከተማ፣ ለሴት ተማሪዎች አዮዲን ሰጡ። አዮዲን ከወሰዱት 2,190 ተማሪዎች ታይሮይዳቸው ያደገው 5 ብቻ ሲሆኑ፣ ካልወሰዱት 2,305 ግን 495 ነበሩ። ስዊዘርላንድ በ1922 አዮዲን ያለበትን ጨው ማዳረስ ጀመረች፤ ኢትዮጵያም በ2011 ይህንኑ በደንብ ደነገገች።

የማካሪሰን ምልከታ ከንቱ አልነበረም፤ የጎደለው ድምዳሜው ነበር። አንጀት በእርግጥ ድርሻ አለው፤ ሌቮታይሮክሲን ወደ ደም የሚገባው በትንሹ አንጀት በኩል ነውና። በ2006 የወጣ የጣሊያን ጥናት፣ በሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተያዙ ሕሙማን ከፍ ያለ መጠን እንደሚያስፈልጋቸው አሳይቷል። ብረትና ካልሲየም ደግሞ መድኃኒቱን ይዘው እንዳይገባ ያግዱታል፤ ባዮቲንም የላቦራቶሪ ውጤትን ሊያዛባ ይችላል። የባክቴሪያ እንክብሎችን በተመለከተ እስካሁን የተደረጉት ጥናቶች ጥቂትና አነስተኛ ናቸው፤ የጎደለውን ሆርሞን ይተካሉ የሚል ማስረጃም የለም።

ታይሮይዱ የደከመበት ሕሙም እንክብሉን ተማምኖ ሌቮታይሮክሲኑን ቢተው፣ ነገሩ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆናል። ስለሆነም የቲኤስኤች ውጤት ከፍ ብሎ ስናገኝ፣ መጠኑን ከመጨመራችን በፊት ሕሙማኑን ሳንነቅፍ እንጠይቅ፦ ከመድኃኒቱ ሌላ ምን ይወስዳሉ? በስንት ሰዓት ልዩነት? ብረት ወይም ካልሲየም ያለበት ከሆነ፣ ቢያንስ የ4 ሰዓት ልዩነት እንዲኖረው እንምከር።