የቻይና ሥልጣኔ ጥንተ መሠረት፤ ከአፈር ንብርብር የተነበበ ታሪክ

የቻይና ሥልጣኔ መነሻው ከወዴት ነው? ባለፈው መቶ ዓመት ውስጥ ለዚህ ጥያቄ ሦስት መልሶች ተፈራርቀውበታል። መልሱን የለወጠው የክርክር ብልጫ ሳይሆን ከመሬት የወጣው ማስረጃ በመሆኑ፣ ነገሩ የታሪክ ባለሙያን ሁሉ የሚመለከት ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቻይና መንግሥት በ1914 በማዕድን አማካሪነት የቀጠራቸው ስዊድናዊው የሥነ ምድር ሊቅ ዮሐን ጉናር አንደርሰን፣ በ1921 በሄናን ክፍለ ሀገር በያንግሻኦ መንደር ባካሄዱት ቁፋሮ በቀለም ያጌጡ የሸክላ ዕቃዎችንና የድንጋይ መሣሪያዎችን አገኙ። ቻይና የአዲሱ ድንጋይ ዘመን ባህል እንደ ነበራት በዚህ ተረጋገጠ። አንደርሰን ግን የሸክላዎቹን ሥዕል በመካከለኛው እስያ በአናው፣ በምሥራቅ አውሮፓም በትሪፖልዬ ከተገኙት ጋር አስተያይተው፣ ጥበቡ ከምዕራብ ሳይመጣ እንዳልቀረ ገመቱ። ማስረጃ ፍለጋም በ1923 እና በ1924 ወደ ጋንሱ ዘለቁ፤ በዚያም የቺጂያን ባህል ከያንግሻኦ አስቀድመው በዘመን ተራ አስቀመጡት። ስሕተታቸው የትጋት ማነስ አልነበረም፤ ዕቃውን ከተገኘበት ንብርብር ይልቅ በመልኩ ከመመዘን የመነጨ ነበር።

ይህን ያቀኑት ቻይናውያን ተመራማሪዎች ናቸው። ሊያንግ ሲዮንግ በ1931 በአንያንግ፣ ሆውጋንግ በተባለው ሥፍራ ሲቆፍሩ፣ ከሥር ባለቀለሙን የያንግሻኦ ሸክላ፣ ከመካከል ጥቁሩን የሎንግሻን ሸክላ፣ ከላይ ደግሞ የሻንግ ዘመን ቅሪት አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብሮ አገኙ። ሺያ ናይም በ1945 በጋንሱ የቺጂያ መቃብሮችን ሲመረምሩ፣ መቃብሩ በተሞላበት አፈር ውስጥ የያንግሻኦ ባለቀለም ገሎችን አዩ። መቃብሩ ሲማስ ገሎቹ ቀድሞውኑ በአፈሩ ውስጥ ነበሩና፣ ቺጂያ ከያንግሻኦ በኋላ እንደ መጣ ታወቀ፤ የአንደርሰንም የዘመን ተራ ፈረሰ። ጥቂት ገል የአንድን ታላቅ ግምት መሠረት አናጋ።

ይሁን እንጂ ሁለተኛው መልስም የራሱ ጉድለት ነበረበት። ከ1954 እስከ 1957 በሺአን አጠገብ በባንፖ የተቆፈረው መንደር፣ ከ6,000 ዓመታት በፊት ዙሪያውን በቦይ አጥሮ፣ ዳጉሳን የመሰለ ደቃቅ እህል እያረሰ፣ ሸክላውን በእቶን እየተኮሰ የሚኖር ሕዝብ መኖሩን አሳየ። ከዚህም የተነሣ የቢጫው ወንዝ ሸለቆ ብቸኛው የሥልጣኔ አልጋ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ የተቀዳ ነው የሚለው አስተያየት ሰፍኖ ቆየ። በ1973 ግን ከያንግዜ ወንዝ በስተ ደቡብ፣ በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር በሄሙዱ፣ 7,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የሩዝ ቅሪት፣ በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆሙ ቤቶችና ከአጥንት የተሠሩ የእርሻ መሣሪያዎች ተገኙ። በካርቦን 14 የተለካውም ዕድሜ ደቡቡ የሰሜኑ ተከታይ አለመሆኑን መሰከረ። ሱ ቢንግቺ በ1981 የቻይናን ጥንታዊ ባህሎች በየአካባቢያቸው ያደጉና እርስ በርስ የተወራረሱ አድርገው ያቀረቡት ይህን በመሰለው ማስረጃ ላይ ቆመው ነው።

የኋለኛውም ግኝት ይህንኑ አጠናክሯል። በ2007 በዚያው በዠጂያንግ በሊያንግዡ፣ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት የነበራት የ5,000 ዓመት ከተማ ቅጥር ተገለጠ። ሕዝቧ በሩዝ የሚተዳደር፣ የውሃ ግድቦችን የገነባ፣ ጄድ የተባለውንም የከበረ ድንጋይ በጥበብ የቀረጸ ነበር። ሥፍራው በ2019 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሠፈረ።

እንግዲህ የመጀመሪያው መልስ ሁሉን ከውጭ አመጣ፤ ሁለተኛው ሁሉን ለአንድ ሸለቆ ሰጠ፤ ሦስተኛው ምንጮቹ ብዙ መሆናቸውን አስረዳ። ሦስተኛውም ቢሆን በሩን በውጭው ዓለም ላይ አይዘጋም፤ ስንዴ፣ በግና የቀንድ ከብት ከምዕራብ በኩል ወደ ቻይና መግባታቸው ዛሬ የታወቀ ነው። የአንድን ሕዝብ ታሪክ ከባዕድ የተቀዳ ማድረግም ሆነ ከማንም ጋር እንዳልተገናኘ አድርጎ ማወደስ ከማስረጃው መራቅ ነው። የታሪክ ባለሙያም የሚወደውን መልስ ይዞ ወደ ጉድጓዱ ከመውረድ ይልቅ፣ ንብርብሩ የሚለውን እስኪሰማ መታገሥ ይገባዋል።