የፈረሰኛው አያት ሦስት ስሞች

ከባሕር ዳር ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጐንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ዘንዘልማ የምትባል አገር አለች። በዚያም ሆነ በጣና ዳር ባሉት ሌሎች መንደሮች «አያታችን ፈረሰኛ ነበር» የሚል ቤት ብዙ ነው። የት ዘመተ? ተብሎ የተጠየቀ እንደ ሆነ ግን መልሱ ሳይውል ሳያድር ይመጣል፤ ዓድዋ ይባላል።

ነገሩን መርምሮ ለመጻፍ የተነሣ የልጅ ልጅ አስቀድሞ የሚቸግረው ጽሕፈት ማጣት ነው። ክተት በታወጀ ጊዜ ባላገሩ ስንቁን ጭኖ፣ ፈረሱን ከቤቱ አውጥቶ ጌታውን ይከተላል እንጂ ስሙ በመዝገብ የሚሰፍርለት እምብዛም አልነበረም። ታሪክ ጸሓፊውም የመኳንንቱን ስም ያነሣል፤ ተከታዩን «ሠራዊት» ብሎ ያልፈዋል። አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ የጐጃምን ትውልድ ጽፈው ማቈየታቸው ታላቅ ውለታ ነው፤ ነገር ግን የጻፉት የዘር ቈጠራ እንጂ የዘማች ቈጠራ አይደለም።

እንዲህ ያለው ችግር በሌላም አገር ደርሷል። በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት መጨረሻ፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1865 ዓ.ም.፣ የደቡቦች ዋና ከተማ ሪችሞንድ ስትቃጠል ብዙ መዝገብ አብሮ ጠፋ። የዋሽንግተን የጦር ሚኒስቴር ከ1903 ጀምሮ የደቡቡን ወታደር ስም ከተረፈው ወረቀት እያስለቀመ በካርድ አስጻፈ። የደቡብ ፈረሰኛም እንደ ጐጃሜው ፈረሱን ከቤቱ ያመጣ ነበር፤ መንግሥቱ ስለ ፈረሱ በቀን 40 ሳንቲም ይከፍለው ስለ ነበር፣ በስም ዝርዝሩ ላይ የፈረሱ ግምት ተጽፎ ይገኛል። በኢትዮጵያ ግን ፈረሱ ግምቱን አልተወም፤ ስሙን ነው የተወው።

ዓፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዓፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የጐጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አባ ጠና ይባሉ ነበር። አሽከሩም ሲፎክር የጌታውን ፈረስ እየጠራ የማን ሎሌ እንደ ሆነ ያስታውቃል። እንግዲህ በአያቱ ፉከራ ውስጥ «አባ ጠና» ሲባል የሰማ ሰው፣ አያቴ በዚህ ስም ይጠራ ነበር ብሎ ቢጽፍ ይስታል፤ ቃሉ የሚያመለክተው ጌታውን ነው። ስሕተቱ ቢታረም ግን ከብዙ ወረቀት ይበልጣል፤ ዘማቹ በየትኛው ሰንደቅ ሥር እንደ ነበረ ይገልጻልና። ይህም ለዘንዘልማ ሰው ቀላል ነገር አይደለም፤ ዓባይ የጐጃምና የበጌምድር ድንበር ሆኖ ስለ ኖረ፣ አንድ ወንዝ የተሻገረ ጐረቤት ለሌላ ጌታ ሊዘምት ይችላል።

ከፈረስ ስም ሌላ ቤተ ሰብ የሚጠራው የዓለም ስም አለ፤ ሦስተኛው የክርስትና ስም ነው። የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የምስክሮችም ስም በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ሕዳግ ወይም ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ታዲያ ቤተ ሰቡ በዓለም ስሙ የሚያውቀውን ሰው ካህኑ በክርስትና ስሙ ብቻ ጽፎት እንደ ሆነ፣ የልጅ ልጁ ገጹን ገልጦ አያቱን ሳያውቀው ያልፋል። ሁለቱን ስሞች የሚያገናኝ የሟቹን ፍትሐትና ተዝካር የሚያስታውስ ሰው ነው፤ በዚያ ጊዜ የሚጠራው የክርስትና ስሙ ነውና። ይህንንም ብዙ ጊዜ ከወንዶቹ ይልቅ ጠላውን የጠመቁት አሮጊቶች ያውቁታል፤ ጠያቂ ግን ወደ እነርሱ የሚሄደው መጨረሻ ላይ ነው።

የቀረው ዘመኑን መለየት ነው። የአባ ጠና ፈረሰኛ በ1874 ዓ.ም. በሆሮ ጉዱሩ፣ በእምባቦ ሜዳ፣ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ሠራዊት ጋራ ተዋጋ፤ የራስ ጎበና ፈረሰኞች ድሉን ወሰዱ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ተማረኩ። በ1880 ዓ.ም. በሳር ውኃ በደርቡሽ ድል ሆነ፤ ጐንደርም ተቃጠለች። ዓድዋ የመጣው በ1888 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በቤተ ሰቡ ወሬ ውስጥ «ንጉሡ የተማረኩ ዕለት» የሚል ካለ፣ ያ ዕለት ዓድዋ ሊሆን አይችልም።

ልጆቹ ዓድዋን የመረጡበት ምክንያት አይሰወርም። በዓድዋ ጠላቱ ባዕድ ነበረ፤ በእምባቦ ግን ገዳዩም ሟቹም የአንድ አገር ሰው ነው፤ ይልቁንም ሽንፈት ነው። ዳሩ ግን እምባቦን ከአያቱ ታሪክ የፋቀ የልጅ ልጅ ለዓድዋውም ክብሩን ያሳንስበታል። በእምባቦ የተማረኩት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ናቸውና ዐሥራ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ሠራዊታቸውን ይዘው ከማራኪያቸው ጋራ በዓድዋ የተሰለፉት። በመጀመሪያው ቀን ጦሩን በምኒልክ ሰው ላይ የሰበቀው ፈረሰኛ፣ በሕይወት ተርፎ እንደ ሆነ፣ በሁለተኛው ቀን ከዚያው ሰው አጠገብ ነበረ።